ከዘማቹ ጋር ቤተሰቡም

ማርች 4 ቀን 1865 ዋሽንግተን ጭቃ ለብሳ ነበር። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ሲዘንብ ሰንብቶ፣ ሕዝቡ እግሩ እየሰመጠ በካፒቶል ደጃፍ ቆሟል። አብርሃም ሊንከን ለሁለተኛ የሥልጣን ዘመን ቃለ መሐላ ሊፈጽሙ ወጡ። አራት ዓመት የፈጀው የእርስ በርስ ጦርነት ሊያበቃ አንድ ወር ገደማ ቀርቶታል፤ በየሆስፒታሉ እጅና እግራቸውን ያጡ ወጣቶች ተኝተዋል። ንግግሩ አጭር ነበር። መጨረሻው ላይ ፕሬዚዳንቱ ሀገሪቱ ያለባትን ዕዳ በሦስት ሰዎች ቆጠሩት፤ ውጊያውን የተሸከመው ሰው፣ ባሏ የሞተባት ሚስቱ፣ አባት ያጣው ልጁ።

በአማርኛችን «የዘማች ቤተሰብ» ስንል የምናስባቸው እነዚሁ ሦስቱ ናቸው፤ አባወራው ግንባር ሲሄድ ማሳው ጦሙን እንዳያድር ጎረቤት ተጠራርቶ የሚያርስለት ቤት። አሜሪካም ለሦስቱ ቃል ገባች። በጡረታው በኩል የሟች ሚስቶችና ልጆች ለአሥርተ ዓመታት ገንዘብ ተቆርጦላቸዋል። በጣሪያው በኩል ግን ታሪኩ ሌላ ነው። ወታደር ቤት ሲያጣ መንግሥት ሰውየውን ነጥሎ ሲያስገባ፣ ሚስቱንና ልጁን ደጅ ላይ ሲያስቀር ኖሯል። ይህ እስኪለወጥ ከ140 ዓመት በላይ ፈጀ። የለወጠው ደግሞ ብዙ ሰው ስሙን እንኳ ሰምቶት የማያውቅ የእርዳታ ገንዘብ ነው።

ሊንከን ያን ንግግር ከማድረጋቸው አንድ ቀን ቀደም ብሎ፣ አካላቸው ለጎደለ በጎ ፈቃደኛ ወታደሮች ብሔራዊ መኖሪያ የሚያቋቁም ሕግ ፈርመው ነበር። የመጀመሪያው መኖሪያ በ1866 በሜይን ግዛት፣ ቶገስ በሚባል ስፍራ፣ ቀድሞ የመዝናኛ ሆቴል በነበረ ሕንፃ ተከፈተ። ቀጥሎ በኦሃዮ ዴይተን፣ በዊስኮንሲን ሚልዋኪ ተሠራ። በ1888 በሎስ አንጀለስ አጠገብ አንድ ሴናተርና አንዲት ባለጸጋ ወይዘሮ ለዚሁ ዓላማ ሰፊ መሬት በስጦታ ሰጡ፤ ወደዚያ መሬት ኋላ እንመለሳለን። መኖሪያዎቹ እህል፣ ሐኪም፣ ቤተ መጻሕፍት ነበራቸው። ነገር ግን የጦር ሰፈር ነበሩ። ነዋሪው የደንብ ልብስ ይለብሳል፣ በወታደር ሥርዓት ይተዳደራል፣ በተርታ አልጋ ይተኛል። ባለትዳሩ ሚስቱን ትቶ ይገባል።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት የዘመቱት ተራቸው ሲደርስ የተሰጣቸው ወረቀት ነበር። በ1924 የወጣው ሕግ በሀገር ውስጥ ላገለገሉበት ለያንዳንዱ ቀን 1 ዶላር፣ በባሕር ማዶ ላገለገሉበት 1 ዶላር ከ25 ሳንቲም አሰበላቸው፤ ክፍያው ግን የሚደርሰው በ1945 ነው። በመካከሉ ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት መጣ። ፋብሪካው ተዘጋ፣ ባንኩ ተዘጋ፣ የቤት ኪራይ ግን በወሩ መድረሱን አልተወም። በ1932 ጸደይ ዋልተር ዋተርስ የሚባል ሥራ ያጣ የቀድሞ ሳጅን ከኦሪገን ግዛት ከፖርትላንድ 300 ያህል ሰዎች አስከትሎ፣ በዕቃ ባቡር ላይ እየተንጠለጠለ ወደ ዋሽንግተን ተነሣ። «ገንዘባችንን አሁን ስጡን» ሊሉ ነው። ወሬው ከየግዛቱ ሰው ጠራ። በበጋው 17 ሺህ ያህል የቀድሞ ወታደሮች፣ ሚስትና ልጅ ሲጨመር ከ40 ሺህ በላይ ሆኖ የሚገመት ሕዝብ ዋና ከተማይቱ ገባ።

እኛ ደጅ ጥናት የምንለው ይህንኑ ነው። አብዛኞቹ ከአናኮስቲያ ወንዝ ማዶ፣ ረግረጉ ሜዳ ላይ ሰፈሩ። ጎጆ የቀለሱት ከቆሻሻ መጣያ በለቀሙት ሣጥን፣ በዛገ ቆርቆሮ፣ በአሮጌ መኪና አካልና በካርቶን ነው። ሠራዊቱ ራሱ ጥቁሩን ከነጩ ለይቶ በሚያዘምትበት ዘመን እዚህ ጥቁርና ነጭ ጎን ለጎን ሰፍሮ ከአንድ ድስት በላ። እናቶች ልብስ ያሰጣሉ፣ ሕፃናት በጎጆዎቹ መካከል ይሯሯጣሉ። ጋዜጠኞች ያነሷቸው ፎቶግራፎች ዛሬም አሉ፤ እኔን የሚይዘኝ ሰልፉና ባንዲራው ሳይሆን ከጎጆ ደጃፍ ልጅ ታቅፈው የተቀመጡት ሴቶች ናቸው። የአሜሪካ ወታደር ሊንከን የጠሩለትን ሦስቱንም ሰው ይዞ ወደ መንግሥት ደጅ የመጣው ያኔ ነው።

ጁን 17 ሴኔቱ ጥያቄውን 62 ለ18 በሆነ ድምፅ ጣለው። ብዙዎቹ ግን የሚመለሱበት ቤት ስላልነበራቸው እዚያው ቀሩ። ጁላይ 28 ከፖሊስ ጋር ግጭት ተነሥቶ ሁለት የቀድሞ ወታደሮች በጥይት ተመትተው ሞቱ። በዚያው ዕለት ፕሬዚዳንት ኸርበርት ሁቨር ጦር ሠራዊቱን አዘዙ፤ ጄኔራል ዳግላስ ማክአርተር ፈረሰኛ፣ ታንክና አስለቃሽ ጋዝ ይዘው ወረዱ። ሲመሽ የአናኮስቲያ ጎጆዎች ሲነዱ ከከተማው ይታይ ነበር። ገንዘቡን ለመክፈል ኮንግረስ የወሰነው በ1936 ነው፤ ያውም የፕሬዚዳንት ሩዝቬልትን ተቃውሞ ሽሮ።

ያ ጭስ ከሕግ አውጪዎቹ ዓይን አልጠፋም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ በሚሊዮን የሚቆጠር ወታደር ሲመለስ አናኮስቲያ እንዳይደገም፣ ጁን 22 ቀን 1944 «ጂ አይ ቢል» ተብሎ የሚታወቀው ሕግ ተፈረመ። ሕጉ ትምህርት አስተማረ፣ ለቤት መግዣ የሚሰጥ ብድርን መንግሥት ዋስ ሆኖ አስፈቀደ። እስከ 1952 ድረስ 2.4 ሚሊዮን ያህል የቤት ብድር በዚህ ዋስትና ተሰጥቷል። የአሜሪካ መካከለኛ መደብ የተሠራበት ድንጋይ ይህ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ብድሩን የሚሰጠው ግን የየሰፈሩ ባንክ ነበር፤ ባንኩም ጥቁር ደንበኛ አይፈልግም። «ኤቦኒ» መጽሔት በ1947 በሚሲሲፒ 13 ከተሞች ባደረገው ቆጠራ፣ ከ3,229 ዋስትና ያላቸው ብድሮች ውስጥ ለጥቁር ዘማቾች የደረሱት 2 ብቻ ነበሩ። ሁለት! በአንድ ጦርነት የዘመቱ ሰዎች ናቸው። ለባንክ የሚታይ ደመወዝ የሌለው ድሃም ከዚህ ሕግ የቤት ፍሬ አልቀመሰም።

በጂ አይ ቢል ከተማሩት አንዱ ዳንኤል አካካ የሚባል የሃዋይ ልጅ ነበር። በሠራዊቱ የመሐንዲሶች ክፍል አገልግሎ ተመለሰ፣ ሃዋይ ዩኒቨርሲቲ ገባ፣ አስተማሪ ሆነ፣ በኋላም ሴናተር። በ2008 ስሙ ተመልሶ ይመጣል።

የቬትናም ዘማቾች አመላለስ ከአባቶቻቸው የተለየ ነበር። ባንድ አልጠበቃቸውም። ሀገሪቱ ስለ ጦርነቱ ማውራት አትፈልግም፤ እነርሱም ዝም አሉ። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ በየከተማው የነበሩት፣ ድሃ በሳምንት ኪራይ የሚያድርባቸው ርካሽ የአንድ ክፍል ሆቴሎች እየፈረሱ በቦታቸው ቢሮና ውድ መኖሪያ ተተከለ። ሌሊት በጩኸት የሚነቃ፣ መጠጥ ወይም ሐሺሽ የያዘው፣ ትዳሩ የፈረሰ ሰው የሚያርፍበት የመጨረሻው ጎጆ ያ ነበር። እርሱ ሲሄድ ድልድይ ሥር ቀረ።

በጁላይ 1988 በሳን ዲዬጎ አንድ የቬትናም ዘማቾች ማኅበር በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት ሜዳ ላይ የጦር ድንኳን ተከለ። ሐሳቡን ያመነጩት ሮበርት ቫን ኩረንና ጆን ናቺሰን ናቸው። ስሙን «ስታንድ ዳውን» አሉት፤ በቬትናም አንድ ጓድ ከውጊያ መስመር ወጥቶ ታጥቦ፣ በልቶ፣ ያለ ስጋት የሚተኛበት የዕረፍት ጊዜ ስም ነው። ለሦስት ቀን ሜዳው ጎዳና ላይ በወደቁ የቀድሞ ወታደሮች ተሞላ። በአንድ በኩል ገላ መታጠቢያ፣ በሌላ በኩል ፀጉር አስተካካይ፣ እዚያ የጥርስ ሐኪም፣ እዚህ ንጹሕ ልብስ። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ፍርድ ቤት እዚያው መጣ። ሰው በመንገድ ላይ ተኛህ ተብሎ ይቀጣል፣ ቅጣቱን መክፈል ስለማይችል ይፈለጋል፣ ስለሚፈለግ ሥራ አያገኝም፤ ይህን ቋጠሮ ለመፍታት ዳኛው ወደ ሜዳው ወረደ። ይህ አሠራር ኋላ በሌሎች ከተሞችም ተስፋፋ።

መንግሥትም መንቀሳቀሱ አልቀረም። በ1987 የማኪኒ ሕግ ወጣ፤ በዚያው ዓመት የቀድሞ ወታደሮች መሥሪያ ቤት ቤት አልባ ለሆኑት የሕክምናና የመኝታ መርሐ ግብር ጀመረ። መሥሪያ ቤቱ በ1989 በሚኒስቴር ደረጃ ተደራጀ። በ1992 ሁለት ነገር ተጨመረ። አንደኛው ጊዜያዊ መኖሪያ ለሚያቋቁሙ ድርጅቶች በአልጋና በቀን እየታሰበ የሚከፈል ድጎማ ነው። ሁለተኛው ከቤቶችና ከተማ ልማት ሚኒስቴር ጋር በመጣመር የሚሰጥ የኪራይ ቫውቸር ነው፤ ጥሩ ሐሳብ ቢሆንም ለረጅም ጊዜ ትንሽ ሆኖ ቆየ።

በዚያ ዘመን ዋናው ቃል «አልጋ» ነበር። አልጋ ደግሞ ለአንድ ሰው ነው። ሚኒስቴሩ በሕግ የተፈቀደለት የቀድሞውን ወታደር ማከም እንጂ የወታደሩን ልጅ ማሳደር አይደለም። ሁለት ልጅ የያዘች የቀድሞ ወታደር ብትመጣ የሚጠብቃት ምርጫ ቀላል አልነበረም፤ ልጆቹን ለዘመድ ወይም ለመንግሥት አሳልፋ ሰጥታ አልጋውን ትያዝ፣ ወይም ልጆቿን ይዛ መኪናዋ ውስጥ ትደር። ምን እንደምትመርጥ እናት ያለው ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህም ሴቶቹ በመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ላይ እምብዛም አይታዩም ነበር፤ ባለመኖራቸው ሳይሆን ለእነርሱ የሚሆን በር ባለመኖሩ። በ1992 በኒው ዮርክ ሳም ሰምበሪስ የሚባል የሥነ ልቦና ባለሙያ «መጀመሪያ ቤት ስጡት፣ ሌላው በኋላ ይሆናል» የሚል አሠራር ጀምሮ ነበር፤ ይህ ሐሳብ ወደ ወታደሮቹ መሥሪያ ቤት እስኪደርስ ግን ብዙ ዓመት አለፈ።

ከዚያ አፍጋኒስታንና ኢራቅ መጡ። ወደ እነዚህ ጦርነቶች የሄደው ወታደር ብዙውን ጊዜ ባለትዳር ነበር፤ ከየግዛቱ ብሔራዊ ዘብ ሥራውንና ልጆቹን ትቶ ሁለት ሦስት ጊዜ የተመላለሰው ጥቂት አልነበረም። የሴቶቹም ድርሻ ከቀደሙት ጦርነቶች ሁሉ በለጠ። ሲመለሱ የሚጠብቃቸው ከ2007 ጀምሮ የተንኮታኮተው የቤት ገበያ ነበር። የድሮው አልጋ ለእነዚህ ቤተሰቦች የማይበቃ መሆኑ ግልጽ ሆነ።

ኦክቶበር 10 ቀን 2008 ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ አንድ ረጅም ሕግ ፈረሙ። ስሙ ስለ ቀድሞ ወታደሮች የአእምሮ ጤና ይናገራል፤ አብዛኛው ገጽም ስለዚያው ነው። ያመነጩት የሴኔቱ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ ኮሚቴ ሊቀ መንበር ዳንኤል አካካ ናቸው፤ በጂ አይ ቢል የተማሩት ያ የሃዋይ ልጅ፣ አሁን የ84 ዓመት አዛውንት። በሕጉ መካከል፣ አንቀጽ 604 ላይ፣ በጣም ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የቀድሞ ወታደር ቤተሰቦች በቋሚ ቤት ውስጥ እንዲጸኑ የሚያግዝ አገልግሎት ለሚሰጡ ድርጅቶች የገንዘብ እርዳታ እንዲደረግ ተጻፈ። ለ2009 በጀት ዓመት 15 ሚሊዮን፣ ለ2010 20 ሚሊዮን፣ ለ2011 25 ሚሊዮን ዶላር ተፈቀደ። በዋሽንግተን ሚዛን ይህ የኪስ ገንዘብ ነው። ነገር ግን «ቤተሰብ» የሚለው ቃል ገባ፤ ሚኒስቴሩ ቤት ላጡ ብሎ በራሱ ገንዘብ ሚስትንና ልጅንም እንዲረዳ ሲታዘዝ ይህ የመጀመሪያው ነው።

በዚያው ሰሞን እኛን በቀጥታ የሚነካ ነገር ተከሰተ። የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ግሪን ካርድ የሌላቸውን፣ በሕጋዊ መንገድ የገቡ፣ ሠራዊቱ የሚፈልገውን ቋንቋ የሚችሉ የውጭ ሰዎችን መመልመል ጀመረ፤ የሚቀጠሩትም ዜግነት በፍጥነት ያገኛሉ። በቋንቋዎቹ ዝርዝር ውስጥ አማርኛ ነበረ። ምልመላው በ2016 እስኪቆም ድረስ በዚህ መንገድ መግባት ይቻል ነበር። ስለዚህ ዛሬ «የአሜሪካ የቀድሞ ወታደር» ሲባል ከአዲስ አበባ የሄደ ልጅም ሊሆን ይችላል። ይህን የማነሣው በእኛ ዘንድ ቤት ማጣት የሚሸሸግ ነገር ስለሆነ ነው። ቤት አጣሁ ከማለት ዘመድ ሳሎን ላይ ወር ከወር መክረም ይቀለናል፤ በዚህ እርዳታ ደንብ ዘንድ ግን ዘመድ ቤት ተጠግቶ ያለ ቤተሰብ ጎዳና ላይ ካለው እኩል አይታይም፤ ከዚያ ሊወጣ መሆኑንና ሌላ መሄጃ እንደሌለው ማሳየት አለበት። ዝም ያለ አይታወቅለትም።

ኖቬምበር 3 ቀን 2009 ሚኒስትሩ ኤሪክ ሺንሴኪ ዋሽንግተን ላይ በተጠራ ትልቅ ጉባኤ ቆመው የቀድሞ ወታደሮችን ቤት አልባነት በአምስት ዓመት ውስጥ እናስወግዳለን አሉ። ሺንሴኪም የሃዋይ ሰው ናቸው፤ ቬትናም ላይ የእግራቸውን ከፊል አጥተዋል፣ በኋላ የምድር ጦር ኤታማዦር ሹም ሆነዋል። ብዙ ባለሥልጣን ቀን የሌለው ቃል ይገባል፤ እርሳቸው ቀን ቆረጡ።

የአንቀጽ 604 ማስፈጸሚያ ደንብ ኖቬምበር 10 ቀን 2010 ታተመ። ጁላይ 2011 የመጀመሪያው ገንዘብ ተከፋፈለ፤ 60 ሚሊዮን ዶላር ገደማ፣ በ40 ግዛቶችና በዋሽንግተን ዲሲ ለሚገኙ 85 ድርጅቶች። አንቀጽ 604 ለሦስት ዓመት የፈቀደው ሲደመር እንዲሁ 60 ሚሊዮን ነው። ገንዘቡ ለቤተሰቡ በእጁ አይሰጥም። የሚቀበሉት ለትርፍ ያልቆሙ ማኅበራት ናቸው፤ እንደ ካቶሊክ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች፣ እንደ ሳልቬሽን አርሚ፣ በሳን ፍራንሲስኮ ደግሞ ከቬትናም ዘመን ጀምሮ እንዳለው «ሶርድስ ቱ ፕላውሼርስ» ያሉ። ማኅበሩ ኪራዩን ለአከራዩ፣ የመብራቱን ለመብራት ድርጅቱ ይከፍላል።

አሠራሩን ቀረብ ብለን እንየው። ኢራቅ ላይ የጭነት መኪና ስትነዳ የነበረች አንዲት እናት ሁለት ልጆቿን ይዛ በሱፐርማርኬት መኪና ማቆሚያ ታድራለች እንበል። የማኅበሩ ሠራተኛ መጥቶ «ቬተራን (የቀድሞ ወታደር) ነሽ?» ብሎ አይጠይቃትም። ብዙ ሴቶች፣ ብዙ የብሔራዊ ዘብ አባላትም፣ ለዚህ ጥያቄ «አይደለሁም» ብለው እንደሚመልሱ በልምድ ታውቋል፤ ቃሉ ለሌላ ሰው፣ ለተዋጋ ወንድ፣ የተሰጠ ይመስላቸዋል። ስለዚህ «በጦር ሠራዊት አገልግለሽ ታውቂያለሽ?» ይላታል። አዎ ካለች የስንብት ወረቀቷ፣ ዲዲ 214 የሚባለው ቅጽ፣ ይፈለጋል፤ በክብር ጉድለት የተባረረች እንዳልሆነች ይታያል። ገቢዋ በደንቡ ከተወሰነው ጣሪያ እንዳይበልጥ ይሰላል። ከዚያ ስልኩ ይጀመራል። ሠራተኛው አከራይ ለአከራይ ይደውላል፤ የብድር ታሪኳ ተበላሽቷል፣ አንድ ጊዜ በፍርድ ቤት ከቤት ወጥታለች፤ እምቢ ይባላል፣ እምቢ ይባላል፣ አንዱ እሺ ይላል። ማኅበሩ ዲፖዚቱንና የመጀመሪያዎቹን ወራት ኪራይ ይከፍላል። የመጀመሪያው ደንብ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ5 ወር በላይ ኪራይ አይፈቅድም ነበር፤ በ2015 ወደ 6 ወር፣ ለድሆች ድሃ ደግሞ እስከ 9 ወር ተዘረጋ። ሥራ እንድትይዝ የልጆቹ መዋያ ይከፈላል። መኪናዋ ከተበላሸች የመጀመሪያው ደንብ ለጥገና እስከ 1,000 ዶላር ይፈቅድ ነበር፤ ይህን ደንብ የጻፈው ሰው በዚያ ሀገር መኪና የሌለው ሠራተኛ ሥራ እንደማይኖረው ያወቀ ሰው ነው። በየሦስት ወሩ ተመልሰው ገቢዋን ያያሉ።

ከዚያ ሁሉ አንቀጽ መካከል ደጋግሜ ያነበብኩት አንድ ትንሽ ክፍል አለ። የቀድሞው ወታደር ቢሞት ወይም ከቤቱ ቢለይ፣ ለቀሪው ቤተሰብ የሚሰጠው አገልግሎት በዚያው ቀን አይቋረጥም፤ ማኅበሩ እስከ አንድ ዓመት የሚደርስ የእፎይታ ጊዜ ይሰጣል። ባሏ የሞተባት፣ አባት ያጣው። የ1865ቱ ሁለት ሰዎች በ145 ዓመታቸው በቤት ኪራይ ደንብ ውስጥ ገቡ። በ2015 የተሻሻለው ደንብ ደግሞ ከቤት ውስጥ ጥቃት የሸሸ የቤተሰብ አባል እንደ ሌላ ቤተሰብ ተቆጥሮ እንዲረዳ ፈቀደ። ዘማቹ ራሱ የሚያስፈራበት ቤት እንዳለ ለማመን ድፍረት ይጠይቃል።

በመጀመሪያው ዓመት ከ35 ሺህ በላይ ሰዎች ተረዱ። ከዚያ ገንዘቡ አደገ፤ በ2012 100 ሚሊዮን ዶላር ለ151 ድርጅቶች፣ በ2013 300 ሚሊዮን ዶላር ለ319 ድርጅቶች። በ2014 በችግሩ በጣም ለተጎዱ አካባቢዎች ሌላ 207 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተጨመረ። ገንዘብ ሲበዛ ከባድ ጥያቄም መጣ። ኪራይ ያሳለፈ ቤተሰብ ሁሉ ጎዳና አይወጣም፤ ዘመድ ይደርስለታል፣ አከራዩ ይታገሣል። ባይረዳ ኖሮ በእውነት ጎዳና የሚወጣው የቱ ነው? ሠራተኞች ነጥብ የሚሰጥ መጠይቅ ይዘው ይህን መለየት ነበረባቸው፤ ነጥቡ ያልሞላላት እናት ፊት ለፊት ተቀምጣ እያለ። አብዛኛው ገንዘብ ቀድሞውኑ ቤት አጥተው ላሉት እንዲውል ተወሰነ። ትክክል ይመስለኛል፤ ይሁን እንጂ ያቺን እናት አይቶ ለመመለስ ቀላል አይደለም።

ሺንሴኪ ቀኑ ሲደርስ አልነበሩም፤ በሆስፒታሎች የወረፋ መዝገብ ላይ በተፈጸመ ማጭበርበር ምክንያት በሜይ 2014 ሥልጣን ለቀቁ። ሥራው ግን ቀጠለ። በጁን ሚሼል ኦባማ ከንቲባዎችን ጠርተው ቃል አስገቡ። የኒው ኦርሊንሱ ሚች ላንድሩ እስከ ዓመቱ መጨረሻ እጨርሳለሁ አሉ፤ በሥራ ላይ ያሉና የቀድሞ ወታደሮች በሌሊት ከድልድይ ድልድይ እየሄዱ ስም መዘገቡ፤ በጃንዋሪ 2015 ከንቲባው 227 ሰዎች ቤት መግባታቸውን አስታወቁ። ሂዩስተን በጁን ተከተለች። በኖቬምበር ቨርጂኒያ፣ አያሌ ወገኖቻችን በአሌክሳንድሪያና በአርሊንግተን የሚኖሩባት ግዛት፣ ከግዛቶች የመጀመሪያ ሆነች። አንድም ሰው አልቀረም ማለት አይደለም። ከእንግዲህ ቤት የሚያጣውን የቀድሞ ወታደር በፍጥነት መልሶ ማስገባት የሚችል ሥርዓት አለ ማለት ነው።

በ2020 ኮቪድ ሲመጣ የብዙዎች የጋራ መኝታ አዳራሽ መርዝ ሆነ። ኮንግረስ በማርች መጨረሻ ተጨማሪ ገንዘብ ፈቀደ፤ ማኅበራቱ በዚህ እርዳታ ባዶ የቀሩ ሆቴሎችንና ሞቴሎችን ተከራይተው ሰዎቹን አስገቡ። ኪራይ እጅግ በተወደደባቸው ከተሞችም የኪራዩን ከፊል ለሁለት ዓመት የሚሸፍን ቀስ ያለ ድጎማ ተስፋፋ፤ የጥቂት ወራት ኪራይ ለሎስ አንጀለስ ምኗም አይደለም።

በዚያችው ሎስ አንጀለስ፣ በ1888 በተሰጠው መሬት አጥር ሥር፣ በሳን ቪሴንቴ ጎዳና ላይ የቀድሞ ወታደሮች ድንኳን ተሰለፈ፤ በየድንኳኑ የአሜሪካ ባንዲራ ተሰቅሏል። ከአጥሩ ወዲያ ለወታደር መኖሪያ ተብሎ የተሰጠው መሬት ለቤዝቦል ሜዳና ለግል ትምህርት ቤት የስፖርት ስፍራ ተከራይቶ ነበር። ድንኳኖቹ በኖቬምበር 2021 ተነሡ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሄዶ በሴፕቴምበር 2024 የፌደራል ዳኛ ዴቪድ ካርተር በመሬቱ ላይ ለወታደሮች መኖሪያ እንዲሠራ አዘዙ።

በማርች 2023 ሚኒስቴሩ መሪ ቃሉ የነበረውን የሊንከን ቃል ቀየረ። አዲሱ መሪ ቃል ያገለገሉትን ሁሉ፣ ቤተሰቦቻቸውን፣ ተንከባካቢዎቻቸውንና ሲሞቱ የሚተርፉ ወገኖቻቸውን ጠራ። ከመሪ ቃሉ አሥራ ሁለት ዓመት ቀድሞ የኪራይ ደንቡ ይህን ያደርግ ነበር።

ቤት የሌላቸው የቀድሞ ወታደሮች ቁጥር በ2010 ከ74 ሺህ በላይ ነበር። በ2022 ወደ 33,129 ወረደ፤ ኪራይ ሲንር በ2023 ወደ 35,574 አሻቀበ። በጃንዋሪ 2024 በመላው አሜሪካ የቤት አልባው ቁጥር 18 በመቶ ጨምሮ 771,480 ሲደርስ፣ የቀድሞ ወታደሮቹ 32,882 ሆነው ቆጠራው ከተጀመረ ወዲህ ዝቅተኛው ሆነ። ሀገሩ አንድ፣ ክረምቱ አንድ፣ ኪራዩም አንድ ነው። ልዩነቱ ለአንደኛው ወገን ለአከራይ የሚደውል ሰውና የሚከፈል ገንዘብ መኖሩ ነው።

ቆጠራው የሚካሄደው በጃንዋሪ የመጨረሻ ቀናት ሌሊት ነው። በጎ ፈቃደኞች የእጅ ባትሪ ይዘው ይወጣሉ። መስኮቷ ጉም የያዘ መኪና ሲያዩ በዝግታ ያንኳኳሉ፤ መስታወቱ ትንሽ ዝቅ ይላል። «በጦር ሠራዊት አገልግለሽ ታውቂያለሽ?» ሴትዮዋ አዎ ካለች ለቀድሞ ወታደሮች በተዘጋጀው ስፍራ አንድ ምልክት ይደረጋል። ከኋላ ወንበር ላይ በአንድ ብርድ ልብስ የተጠቀለሉት ሁለቱ ልጆች በዚያ 32,882 ውስጥ የሉም፤ እነርሱ የሚጻፉት በሌላ መስመር ነው።